እጄን ያነሳሁባት ሐሙስ

ከማላዊ ወደ መቐለ የምመለስበት ቀን ሲቃረብ አንዲት እናት፣ «አንቺ ከሄድሽ ልጄን ይዤ አልመጣም» አለችኝ። የተናገረችው በራሷ ቋንቋ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችልኝ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ናት። ነርሷ ስትተረጉምልኝ ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። ነገር ግን እኔ ከሄድኩ በኋላ ልጁን የምታክመው እሷ ነበረችና የተባለው ነገር ለእሷ ከስድብ አያንስም ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ነው። አባቴ ከወሎ ለማስተማር መጥቶ፣ አግብቶ እዚያው የቀረ መምህር ሲሆን እናቴ የእንደርታ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ከአባቴ ጋር አማርኛ፣ ከእናቴ ጋር ትግርኛ እናወራለን። ሁለቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ደግሞ ከሁለቱም የተቀላቀለ፣ ከእነሱ በቀር ማንም የማይናገረው ቋንቋ ነው። በጦርነቱ ጊዜም ከጦርነቱ በኋላም ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ሠርቻለሁ። እግራቸውን ያጡ ወጣቶችን በሰው ሠራሽ እግር ማለማመድ ለረጅም ጊዜ የዕለት ሥራዬ ነበር። ሥራውን አልጠላሁትም። ግን እያደር አንድ ነገር አጥብቄ መፈለግ ጀመርኩ፤ ሳይረፍድበት ልደርስለት የምችለው እግር ማየት።

አዲስ አበባ ሄጄ የሠለጠንኩት አንድ ሕክምና ነበር። እግራቸው ወደ ውስጥ ዞሮ የሚወለዱ፣ ቆልማማ እግር ያላቸው የምንላቸውን ሕፃናት ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማዳን ይቻላል። የሕፃኑን እግር ቀስ እያሉ በእጅ ወደ ቦታው ይመልሱታል። የተመለሰውን ያህል በጀሶ ያስሩታል። በሳምንቱ ጀሶውን ይፈቱና እንደገና ትንሽ ያቀኑታል። እንዲህ እየተባለ እግሩ ሲስተካከል፣ ተመልሶ እንዳይዞር ልጁ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ እያደረገ ለዓመታት ይተኛል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የሚከብደው ለእናትየው ነው፤ በየሳምንቱ መምጣት አለባት፤ ልጇ ሲያለቅስ መታገሥ አለባት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጇን የሚነካውን ሰው ማመን አለባት።

ማላዊ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ይህን ሕክምና የሚጀምርለትና የሚያስተምርለት የአንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልግ ስሰማ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝም። እናቴ አልከለከለችኝም። ሰፈሩ ሁሉ አደይ፣ እናቴ፣ እያለ የሚጠራቸው፣ በልጅነቴ ግማሹን ጊዜ እቤታቸው ያሳለፍኩባቸው ጎረቤታችን ግን ዝም አላሉም።

«የእኛው ሕመምተኛ ሳያንስ የሰው አገር ሰው ልታክሚ ነው? እኛን ለማን ጥለሽ ነው?» አሉኝ።

አባቴ ነው የመለሰላቸው። «ለትምህርት ብትሄድ እኮ መርቀው ነበር የሚሸኟት» አላቸው።

«ለትምህርት ሌላ ነው።»

«ይሄም ትምህርት ነው» አልኳቸው እኔ። «አስተምሬ እመጣለሁ፤ ተምሬም እመጣለሁ።»

አደይ አልተዋጠላቸውም። የሆነ ሆኖ በምሄድበት ጠዋት መጥተው ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ድረስ በአንድ በኩል ይዘውልኛል።

ማላዊ ስደርስ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ከሆስፒታሉ የተላከው ሾፌር ስሜ የተጻፈበት ካርቶን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሄጄ ብቆምም ከትከሻዬ በላይ እያሻገረ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ካርቶኑን አየ፤ እኔን አየ። «ነጭ ነበር የጠበቅነው» አለኝ፤ ቅር ብሎት ሳይሆን እውነቱን ለመናገር ያህል። ሁለታችንም ሳቅን። መንገድ ላይ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ስነግረው ትንሽ አሰበ። «እዚያ ጦርነት አልነበረም እንዴ? ታዲያ እናንተን ማን እየረዳ ነው አንቺ እኛን ልትረጂ የመጣሽው?» አለ። የአደይን ጥያቄ ሐይቁ ዳር ድረስ ተከትሎኝ ሳገኘው አልተናደድኩም። «እኛንም የሚረዳን አለ፤ እኛም ሌላውን እንረዳለን» አልኩት፤ እሱም ነገሩን እንደ መልስ ተቀበለው።

ነርሷን ያገኘኋት በማግስቱ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ባለው መንደር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። እንዳስተምራት የተሰጠችኝ ተማሪ እሷ ነበረች። መጀመሪያ አካባቢ ጀሶውን ስትጠቀልል በጣም ታጠብቀው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ፈርታ በጣም ታላላዋለች። ጥቂት ወራት ሳይሞሉ መጠኑን አገኘችው። እግሩን የማቅናቱ ሥራ ጊዜ ወሰደባት፤ እሱንም ቻለችው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከእኔ እኩል ትሠራ ነበር። ይህን ስል ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ያየሁትን ነው።

እናቶቹ ግን እኔን ይመርጣሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ነርሷ ለብዙዎቹ የቲማቲም ነጋዴዋ ልጅ ናት፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ቧንቧ ውኃ ቀድታ ያደገች፣ ስትወድቅም ስትነሳም ያዩዋት። እኔ ደግሞ በአውሮፕላን የመጣሁ ነኝ። መቐለም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከውጭ ሐኪም መጣ ሲባል የእኛ ሐኪም ለዓመታት የያዘው በሽተኛ ሰልፉን ትቶ ወደ እንግዳው ይሮጣል። በዚያኛው ወገን ቆሜ ስንት ጊዜ ከፍቶኛል። አሁን እንግዳዋ እኔ ሆኜ መገኘቴ አንዳንዴ ያስቀኝ ነበር፤ አንዳንዴም አያስቀኝም።

«አልመጣም» ያለችው እናት ከሩቅ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው የምትመጣው፤ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በብስክሌት ታክሲ። ልጇ ሁለቱም እግሮቹ ዞረው ነው የተወለደው። አንድ ሳምንት እንኳ ቀርታ አታውቅም። ባሏ ሕክምናውን አላመነበትም ነበር፤ እሷ ግን እኔን አይታ ቆረጠች። «እጅሽን አምኜ ነው የመጣሁት» ብላኛለች ከዚያ በፊትም። ደስ ይላል እንዲህ ሲባሉ። ችግሩ የልጁ ጀሶ ገና አላለቀም፤ ጫማው ደግሞ ዓመታት ይቀረዋል፤ እኔ ልሄድ ነው።

እናትየዋ ያን ቀን ልጇን አዝላ ከወጣች በኋላ ነርሷ የጀሶውን ባልዲ እያጠበች፣ «ግድ የለም። ካልመጣች እኔ እቤቷ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ሁሉም እቤታቸው እንድትሄጂ ቢፈልጉስ?»

ባልዲውን ማጠቧን ቀጠለች።

«የፊታችን ሐሙስ እኔ አንድም እግር አልይዝም» አልኳት። «አንቺ ትይዣለሽ፤ እኔ ጀሶ እጠቀልልልሻለሁ።»

ሐሙስ የሕክምናው ቀን ነው። ከየመንደሩ የሚመጡት እናቶች በሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ሲሠራ ሌላው ያያል።

«ሁሉም ፊት?» አለችኝ።

«ሁሉም ፊት።»

«ቢበላሽብኝስ?»

«አይበላሽብሽም። ቢበላሽም ጀሶ ነው፤ በውኃ ይፈታል።»

ሐሙስ ደረሰ። ለእኔ የመጨረሻዋ ሐሙስ ናት። ክፍሉ ሞልቷል። ሕፃናቱ አሮጌ ጀሷቸው እንዲለሰልስ በየሳፋው ውኃ ውስጥ እግራቸው ተነክሮ ግማሹ ያለቅሳል፤ ግማሹ በውኃው ይጫወታል። ያቺ እናት ተራዋ ሲደርስ እንደ ልማዷ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። እኔ ተነሥቼ ጀሶ የምታቀብለው ረዳት የምትቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ በእኔ ቦታ ገባች። እናትየዋ ይህን ስታይ ልጇን ወደ ደረቷ ስባ አንድ ነገር ተናገረች።

ምን እንዳለች ማንም አልተረጎመልኝም፤ አላስፈለገኝም።

«እባክሽ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት፤ ነርሷም መተርጎም ጀመረች። «እኔ በሚመጣው ሳምንት እዚህ የለሁም። የልጅሽ እግር ግን እዚህ ነው ያለው። ጫማው ሲጠብበት፣ ቆዳው ሲላጥ፣ ልጁ አላደርግም ብሎ ሲያስቸግርሽ ስትጠሪኝ አልሰማሽም። ይቺ ትሰማሻለች። ደግሞ እኔ የማውቀውን ሁሉ ታውቃለች። እኔ የማላውቀውንም ታውቃለች፤ ቋንቋሽን፣ መንገድሽን፣ ባልሽን እንዴት እንደምታነጋግረው።»

ነርሷ ስትተረጉመው ቶሎ አለቀ። ካልኩት ያጠረ መሰለኝ።

«ሁሉንም ነገርሻት?» አልኳት።

«ስለ እኔ ያልሽውን ትንሽ ቀነስኩት» አለችኝ፤ ዓይኗን ከልጁ ላይ ሳታነሳ።

«መልሺና ሙሉውን ንገሪያት።»

በአግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዷ እንግሊዝኛ ታውቅ ኖሮ ሳቀች፤ ለሌሎቹም ነገረቻቸውና ሁሉም ሳቁ። ነርሷ አፍራ፣ ሙሉውን ተናገረች። እናትየዋ አዳመጠቻት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ረዘም ያለ መልስ አገኘች። ምን እንደተባባሉ በኋላ ነው የሰማሁት። «ልጅ ወልደሻል?» ነበር ጥያቄው። ነርሷም የመጀመሪያ ልጇ በዚያው ሆስፒታል ተወልዶ፣ በጨቅላነቱ እንደሞተባት፣ ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ሕፃን ስትይዝ እጇ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ነግራታለች። ዓመት ሙሉ አብረን ስንሠራ ለእኔ ይህን አልነገረችኝም ነበር።

እናትየዋ ልጇን ወደ ጭኗ መልሳ ጡቷን አጎረሰችውና እግሩን ዘርጋ አደረገችለት።

ነርሷ ያዘችው። እኔ ጀሶውን መጠቅለል ጀመርኩ። አንድ ጊዜ አውራ ጣቷ ካለበት ትንሽ ከፍ ማለት ያለበት መሰለኝና እጄ ሊሄድ ሲል ባልዲው ውስጥ ነከርኩት። ቀና ብዬ ሳይ ራሷ አስተካክላዋለች። ሁለተኛው እግር ላይ ስንደርስ ረዳቷ ጀሶውን እንድትጠቀልል አቀበልኳትና ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ውኃ አላስፈለገም። ከደጅ ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ ትንሽ አየር ሳብኩ። ስመለስ ነርሷና እናትየዋ አንድ ነገር እያወሩ ይሳሳቃሉ፤ መግባቴን እንኳ አላዩም። መጀመሪያ ቅናት ቢጤ ጠቅ አደረገኝ። ወዲያው ግን ያ ስሜት ሄደና ትልቅ እርካታ በቦታው ገባ። የመጣሁበት ሥራ አልቋል ብዬ በልቤ የተናገርኩት ያኔ ነው።

የስንብቱ ቀን የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከማንጎው ሥር ዘመሩልኝ፤ ሴቶቹ ጨፈሩ፤ እኔም ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ ከተማዬን አላሳፈርኩም። ጥለት የታተመባቸው ሁለት ጨርቆችና አንድ ጥቅል የደረቀ ዓሣ ተሰጠኝ። ዓሣው እንደ ጣት ትንንሽ ሆኖ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ሐይቁ ዳር ሁሉም ሰው የሚበላው ነው። ነርሷ ግን እዚያ ብዙ አልቆየችም። ከሩቅ የመጣ አንድ ሕፃን ነበረና ክፍሏ ገብታ እየሠራች ነው። መኪናው ሲጠብቀኝ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ነው።

«አቅፌ አላበላሽሽም» አለችኝ።

«አበላሺኝ» አልኳት።

አቀፈችኝ። ደህና የሚባለው ልብሴ ጀርባው ላይ ሁለት የጀሶ እጆች ታትመውበት ሄድኩ። «በይ ሂጂ» አለችኝ ከዚያ፤ «ጀሶው ሳይደርቅብኝ።»

አውሮፕላን ውስጥ አላለቀስኩም። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ይልቁንም መቐለ ስደርስ ምን ምን እንደማደርግ ሳስብ መንገዱ አለቀ። አዲስ አበባ የጉምሩክ ሠራተኛው ሻንጣዬን አስከፍቶ በአፍንጫው ዓሣውን አገኘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው። ለእናቴ።»

«የት ናቸው እናትሽ?»

«መቐለ።»

ጥቅሉን መልሶ አሰረልኝ። «ሌላ ነገር አጥተሽ ነው?» ብሎ እየሳቀ አሳለፈኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መቐለ በረርኩ። ክረምቱ ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ በመስኮቱ ሲያዩት እርከኑ ገብስ ለብሶ፣ ሸለቆው ገና አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሜዳው መጣ፤ የድንጋይ ቤቶቹ፣ አቧራማው መንገድ። በረጅሙ ተነፈስኩ። ሰው ቤቱን የሚያውቀው ትከሻው ዝቅ ሲልለት ነው መሰለኝ።

አባቴ ትምህርት ቤት የሚሄድ ይመስል ክራቫት አስሮ መጥቷል። እናቴ፣ «እንኳዕ ብደሓን መጻእኪ ጓለይ»፣ እንኳን በደህና መጣሽ ልጄ፣ ብላ አቀፈችኝና ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን ዳበሰች፤ ከስቼ እንደሆነ ማየቷ ነው። አልከሳሁም። አባቴ ሻንጣዬን ሲያነሳ፣ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

ዓሣው ቤት ሲደርስ ክርክር አስነሣ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አባቴ በአገሩ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው እንደሚያውቅ ተናገረ። እናቴ እሷ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እንደሌለ ነገረችው። ጥቅሉ እስከ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ የሰፈሩን ድመት ሁሉ ሰበሰበ። ቅዳሜ እናቴ በሽንኩርትና በበርበሬ አቁላልታ ሠራችውና ሁላችንም በላን፤ አባቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

አደይ የመጡት በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ተቀምጠው፣ ጤናዬን ጠይቀው፣ ዳቦ ቆርሰው ሲያበቁ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ታዲያ፣ የሰው አገር ልጆች ዳኑ?»

«ብዙዎቹ እየዳኑ ነው፣ አደይ። አሁን የራሳቸው ሰው ነው የሚያክማቸው።»

«የእኛዎቹስ?»

«ሰኞ እጀምራለሁ።»

አዩኝ፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ገባቸው። «እንግዲያስ ብዪ፤ ባዶ ሆድ አይሠራም» ብለው ሳህኔን ወደ እኔ ገፉት።

ሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጠኝ። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቁ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፊዚዮቴራፒስቶች አብረውኝ እንዲሠሩ ተመደቡ። ጀሶ ማግኘት ጊዜ ወሰደ፤ እስኪገኝ ሁለቱን በአሻንጉሊት እግር አያያዙን አለማመድኳቸው። ግድግዳውን ሦስታችን ቀለም ቀባነው። ወሬው በየጤና ጣቢያው እንዲደርስ ስልክ ስንደውል ሰነበትን። በጦርነቱ ዓመታት ተወልደው ማንም ሳያያቸው የቆዩ ልጆች መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ቆመው ይሄዳሉ፤ በእግራቸው ጀርባ እየረገጡ። ለእነሱ ሕክምናው ይረዝማል እንጂ አይቀርም፤ ለእናቶቻቸው የምነግረው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያዋ እናት ጨቅላዋን ይዛ ከእንደርታ ገጠር ስትመጣ ወጣቷ ባለሙያ እንድትይዘው አደረግሁ። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ የረዳት ዱካ ላይ ነኝ። ልጅቷ እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እናትየዋም አይታዋለች።

«መምህርቷ ብትይዘው አይሻልም?» አለች በትግርኛ።

«እሷ በደንብ ትይዘዋለች። እኔ አጠገቧ ነኝ» አልኳት። እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ፤ ልጅቷም ያዘችው።

ማላዊ ያለችው እናት እስከ መጨረሻው ጀሶ ድረስ ሳትቀር መጥታለች። ነርሷ አንድ ቀን በስልክ ደውላ ስለ ሌላ ሕፃን ካማከረችኝ በኋላ ነው እግረ መንገዷን የነገረችኝ። ልጁ አሁን ጫማውን አድርጎ ይተኛል፤ አባቱም ሁለት ጊዜ ይዞት መጥቷል። እሷም ከሌላ ሆስፒታል የመጡ ሁለት ነርሶችን ማስተማር ጀምራለች።

ባለፈው እሑድ ከአባቴ ጋር ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጣን። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሐኪም ያዘዘለት የእግር ጉዞ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ «እንደገና ቢጠሩሽ ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«እሄዳለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን እነዚህ ሁለቱ ያለ እኔ መሥራት አለባቸው።»

«ይችላሉ?»

«ወንዱ ይቸኩላል። ሴቷ ጎበዝ ናት፤ እጇ መንቀጥቀጡን ትቷል።»

«የሚቸኩል ተማሪ ይስተካከላል» አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነውና አመንኩት። ክንዴን ይዞ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲው በኩል የሚወርዱ ተማሪዎች መንገድ ለቀቁልን፤ እኛም ቀስ እያልን ወደ ላይ ቀጠልን።